«ወጣቶችን ቀስቅሷል» ማለት ክስ ነው?

ሸገር፦ ትናንት ማታ ዜና ላይ «ተጠርጣሪው ወጣቶችን ቀስቅሷል» ብለው አለፉ። ለምን ቀሰቀሳቸው? በምርጫ ሰሞን ፓርቲው ሁሉ ድምፅ ማጉያ መኪና ላይ ጭኖ «ቅስቀሳ» ሲያደርግ ወንጀል የሚለው የለም።

ሰዋስው፦ ጥፋቱ የዜና አዘጋጁ ነው። ሰው ከእንቅልፍም፣ ለምርጫም፣ ለአመፅም ይቀሰቀሳል። ክፋቱን የሚሸከመው ማሟያው ነው፤ «ለአመፅ» ካልተባለ ክስ የለም። ክፉውን ብቻ ለሚፈልግ «ቆሰቆሰ» አለ፤ እሳትም ነገርም ይቆሰቆሳል።

ቀበና፦ «ክፋቱን የሚሸከመው ማሟያው ነው» ያልከው አይዋጥልኝም። «እሱ ነው የገፋፋው» ብትለኝ ያለ ምንም ማሟያ ጥፋት እንደተሠራ ይገባኛል።

ሰዋስው፦ «እናቴ ለትምህርት ገፋፋችኝ» ይባላል እኮ!

ቀበና፦ ይባላል፤ ግን «ለትምህርት» ብለህ ማጽዳት አስፈለገህ። ማሟያው የሚያስፈልገው ለደጉ ነው።

ባለ ግዕዝ፦ የሕጉ ቃል «አነሣሣ» ነው። ሥሩ «ተንሥአ» ነው፤ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» የሚለው፣ ትንሣኤም የወጣበት። «ገፋ» «ገፋፋ» እንደሚሆን ሁሉ «አነሣ» ተደግሞ «አነሣሣ» ሆነ። በንጉሡ «ሠ» ይጻፍ!

ባለ ሕግ፦ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 36 ማነሳሳት ማለት ሆን ብሎ በማግባባት፣ በተስፋ፣ በገንዘብ፣ በስጦታ፣ በማስፈራራት ወይም በሌላ መንገድ ሰውን ወንጀል ማሠራት ነው። ወንጀሉ ቢያንስ ካልተሞከረ አነሳሹ አይቀጣም። ፈጻሚው ከታሰበው አልፎ ቢሄድ፣ አነሳሹ ያሰበውን ወይም ሊገምተው ይችል የነበረውን ያህል ብቻ ይጠየቃል።

ሸገር፦ «ካልተሞከረ አይቀጣም»? ታዲያ ፌስቡክ ላይ ጽፎ ምንም ሳይደርስ የሚከሰሰው በምንድን ነው?

ባለ ሕግ፦ በጥላቻ ንግግርና በሐሰተኛ መረጃ መከላከያው አዋጅ 1185/2012። እዚያ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳው ንግግር ራሱ ወንጀል ነው፤ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ። በንግግሩ የተነሳ ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት።

ሸገር፦ ስለዚህ ያው ግስ በአንዱ ሕግ ድርጊት ይጠብቃል፣ በሌላው አይጠብቅም። «ቀስቅሷል» ብቻ ሲሉኝ በየትኛው እንደተያዘ በምን ልወቅ?

ቀበና፦ «ተጠርጣሪው» ብለዋል፣ በቃ። ሰሚው ይረዳዋል።

ሸገር፦ ሰሚው የሚረዳው ጥፋተኛ መሆኑን ነው! የሚያበግነኝም እሱ ነው፤ ማስረጃ ሳይሰማ በአንድ ግስ ፈረዱበት።

ባለ ግዕዝ፦ «ማነሳሳት»ን በእሳቱ «ሰ» እየጻፋችሁ ስለ ሥሩ ትከራከራላችሁ።

ሰዋስው፦ በአማርኛ ድምፁ አንድ ነው። ፊደሉ የማንንም ቅጣት አይለውጥም፤ የሸገርን ጥያቄ መልስ።