ለኢኮኖሚክስ ኮርስ የትኛው ካልኩሌተር ይሻለኛል?

ኮሌጅ ገብቼ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ ጀምሬያለሁ። ያለኝ ከመደመር እስከ ማካፈል ብቻ የሚሠራ ትንሽ ካልኩሌተር ነው። ለፍላጎትና አቅርቦት በቂ ነበር። ዕድገት ላይ ስንደርስ ግን ተያዝኩ። በዓመት 5 በመቶ የሚያድግ ምርት ከ10 ዓመት በኋላ ስንት እጥፍ ይሆናል? 1.05ን ደጋግሜ ሳባዛ ቁጥሩ ጠፋብኝና 9 ጊዜ ላይ አቆምኩ። 1.55 ጻፍኩ፤ መልሱ 1.63 ገደማ ነው።

ፈተና ላይ ስልክም ሆነ ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር አይፈቀድም። ከጓደኛዬ ቢኤ 2 ፕላስ የሚባለውን የፋይናንስ ካልኩሌተር ተውሼ ሞከርኩ። 2+3×4 ስለው 20 አለኝ! ለካ ካልቀየሩት በስተቀር እንደገባለት በተራ ነው የሚያሰላው። ፈተና ላይ እንዲህ ቢያሳስተኝስ ብዬ ፈራሁ። በሌላ በኩል በሚቀጥለው ዓመት ፋይናንስ መውሰዴ አይቀርም።

ለአሁኑ ርቢና ሎጋሪዝም ያለው ተራ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ይበቃኛል ወይስ የፋይናንሱን ገዝቼ ከወዲሁ ልልመደው?