ለክረምት ሌሊት የሚሆኑ ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶች

ደብረ ብርሃን ላይ ክረምት ሲገባ ምሽት ከቤት የሚወጣው ሰው ይቀንሳል፣ መጽሐፍ የሚከራየው ግን ይበዛል። መጽሐፍ በማከራየት ሥራ ብዙ ክረምት ስላሳለፍሁ፣ የትኛው መጽሐፍ ማክሰኞ ወጥቶ ሐሙስ እንደሚመለስ፣ የትኛው ደግሞ ወር ሙሉ ሰው ቤት ተኝቶ ገጹ ሳይገለጥ እንደሚመጣ በደብተሬ አያለሁ። ሰሞኑን መሐል ሜዳ የምትሠራ አንዲት ነርስ «ለሌሊት ተረኝነት የሚሆን፣ እንቅልፍ የሚያባርር ልቦለድ ይጠቁሙኝ» ብላ ጠየቀችኝ። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎችም ስለሚደርሰኝ መልሴን ሁላችሁም እንድታነቡት አድርጌ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሜ መለኪያዬን ልናገር። ለእኔ ጥሩ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ማለት መጨረሻውን ካወቁት በኋላም ተመልሰው የሚከራዩት ነው። በአንድ ሌሊት የሚያስጨርስ መጽሐፍ ብዙ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት «ያንን መጽሐፍ እንደገና ስጠኝ» የሚያሰኝ ግን ጥቂት ነው።

ለሰሜን ሸዋ አንባቢ መጀመሪያ የማነሣለት የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን «እመጓ» ነው። እመጓ በመንዝ ያለች የራሳችን ስፍራ ናት፤ ብዙዎቻችን ግን ስሟን በደንብ የሰማነው መጽሐፉ ከወጣ በኋላ መሆኑን ስናገር ቅር ይለኛል። ደራሲው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚገኙ ደኖችን የሚያጠና የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ በመሆኑ፣ ዛፉንና ገደሉን የሚገልጸው እንደ ዐዋቂ እንጂ እንደ መንገደኛ አይደለም። አንባቢውን የሚያስጨንቀው ማን ገደለ የሚለው ጥያቄ ሳይሆን ምን ተሰውሯል፣ ማንስ ሲጠብቀው ኖረ የሚለው ነው፤ ስለዚህም ሩጫና ተኩስ የለመደ አንባቢ መጀመሪያ ላይ ቀስ ያለ ሊመስለው ይችላል፣ ይታገሥ። በአንድ የገበያ ቀን በርኖስ የለበሱ አንድ የመንዝ አባት ከልጃቸው ጋር ወደ ቤቴ ገብተው ነበር። ልጁ መጽሐፉን አንሥቶ ስለ መንገዱ የሚናገረውን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብላቸው በትራቸውን ተደግፈው ዝም ብለው አዳመጡ፣ ከዚያም «ይህ ሰው በእግሩ ሄዶበታል» አሉና ልጃቸው እንዲቀጥል በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ሁለቱም ሳይቀመጡ ምዕራፉን ጨረሱ። የደራሲው ቀጣይ ሥራዎች «ዝጎራ»፣ «መርበብት» እና «ሰበዝ» ናቸው። በዚሁ ቅደም ተከተል ብታነቡ ይሻላል፤ «መርበብት»ን መጀመሪያ ወስደው ግራ ተጋብተው የመለሱልኝ አንባቢዎች አሉ።

ሁለተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። አዲስ መጽሐፍ ስጠኝ ያለኝን ሰው ወደ 1975 ዓ.ም. መመለሴ አግባብ አይደለም የሚል ካለ፣ ልቦለዱ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር አንባቢዎች እጅ መግባቱን ላስታውሰው፤ ዘመን ያላስረጀው መጽሐፍ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ፣ ደርግ በኤርትራ በሻዕቢያ ላይ ለከፈተው ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ ይወርዳል፤ በዚያም ፊያሜታን ይወዳል፣ በዙሪያው ደግሞ የስለላ መረብ ይዘረጋል። ማን ለማን እንደሚሠራ የማይታወቅባት ከተማ ውስጥ እያንዳንዱ የቡና ቤት ጨዋታ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል፣ አንባቢም ከጸጋዬ ጋር አብሮ እየሳቀ አብሮ ይጠራጠራል። ሠራዊቱ የሻዕቢያን የተራራ ምሽግ ናቅፋን እንዳልያዘ ከታሪክ እናውቃለን፤ ይህን እያወቅን እንኳ ዘመቻው ወደ ተራራው ሲቃረብ «ምናልባት» እያልን ገጽ እንገልጣለን። ከላይ የተናገርሁት መለኪያ የመጣልኝ ከዚህ መጽሐፍ ነው። ብዙ ሰው «ኦሮማይ»ን የሚከራየው መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ በመደረጉና ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ በመቅረቱ ምክንያት ነው፤ ይህ ሐዘን የማይረሳ ቢሆንም፣ መጽሐፉን ለራሱ ለጥበቡ ብላችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ።

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በደብተሬ ላይ በፍጥነት በመመለስ ከሁሉም ይቀድማል። ጣና ሐይቅንና ገዳማቱን ከውጭ የስለላ ድርጅቶች ጋር አስተሳስሮ በሩጫ የሚሄድ ታሪክ ነው። ገጠመኙ አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል፣ ገጸ ባሕርያቱም እርስ በርስ ከመነጋገር ይልቅ ለአንባቢ ትምህርት የሚሰጡባቸው ቦታዎች አሉ፤ ስለዚህ ከ«ኦሮማይ» ጎን አላቆመውም። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ጨርሶ የማያውቅ የ17 ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ቢመጣ፣ ያለ ማመንታት የምሰጠው ይህንኑ ነው። ንባብ በ«ዴርቶጋዳ» የጀመሩና ዛሬ ከእኔ የበለጠ የሚያነቡ ወጣቶችን አውቃለሁ።

የቆየውን የስለላ ጽሑፍ የሚወድ ሰው የማሞ ውድነህን ሥራዎች ይፈልግ፤ የወንጀል ምርመራ የሚወድ ደግሞ ይልማ ሀብተየስን። ሁለቱም ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ይገኛሉ።

በትርጉም መጻሕፍት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሲድኒ ሼልደን፣ የአጋታ ክሪስቲና የሼርሎክ ሆምስ ታሪኮች በአማርኛ አሉ፤ የትርጉማቸው ደረጃ ግን ሰማይና ምድር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን አንድ ገጽ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የሀገራችን ሰው እንዲያ ብሎ ይናገራል ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ካልሆነ መልሳችሁ አስቀምጡት። የተርጓሚው ስም በሽፋኑም በውስጡም ከሌለ እኔ አልገዛም። ጥራዙንም እዩ። አንድ ጊዜ ከአዟሪ የገዛሁት የፎቶ ኮፒ እትም ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ከገጽ 208 ወደ ገጽ 225 ዘለለ። ያከራየሁት ለአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበር፤ መጽሐፉን ሲመልሱ ገጹን ከፍተው አሳዩኝ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገሩም፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ገጽ ሳልቆጥር መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አላወጣም። ደራሲውም ከእንዲህ ዓይነቱ ቅጂ አንዲት ሳንቲም አያገኝም።

አሁን ወደ ነርሷ እኅታችን ጥያቄ ልመለስ። ተረኛ ሰው በየመሀሉ ስለሚጠራ ለሌሊት ሥራ የሚሻለው አጭር ታሪክ ነው፤ ሼርሎክ ሆምስ 56 አጫጭር ታሪኮች ስላሉት አንዱን በሁለት ዙር መካከል መጨረስ ይቻላል፣ የጻፈውም ሐኪም የነበረው አርተር ኮናን ዶይል ነው። አጋታ ክሪስቲም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል በነርስነትና በመድኃኒት ክፍል አገልግላ ነበርና፣ መርዝን የምታውቀው ከሥራዋ ነው፤ የመድኃኒት መጠን የሚያውቅ አንባቢ ፍንጩን ከሌላው ቀድሞ ስለሚያገኘው የእርሷ መጽሐፍ ለነርስ ልዩ ደስታ አለው። «ኦሮማይ»ን ለዕረፍት ቀን አቆዩት፤ ከተጀመረ የሚጠራችሁን ሰው ላትሰሙ ትችላላችሁ።

ከ«እመጓ» ሁለት ቅጂ አለኝ። አንዱ ዛሬ ጠዋት ስለ ተመለሰ ገጹን ቆጥሬ በጋዜጣ ሸፍኜዋለሁ፤ ነገ ወደ መሐል ሜዳ በሚወጣው መኪና ከሆምስ ታሪኮች ጋር አብሮ ይላካል።