የሆሚዮፓቲ እንክብል ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር ይፈተን ወይስ የተፈተነው ይበቃል?

አወያይ፦ ከጀርመን ለዓመት በዓል የመጡ አክስታችን፣ ተቅማጥ ለያዘው የታናሽ እህቴ ልጅ ከማሽላ ፍሬ የማይበልጡ ነጫጭ እንክብሎች የያዘች ብልቃጥ አውጥተው ሰጡን፤ የሆሚዮፓቲ መድኃኒት ነው አሉ። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሎ እስከ ምሽት ስለተሟገተ ጥያቄውን ለጎንደር የክርክር ቡድናችን አቀርባለሁ። እንዲህ ያለው መድኃኒት ከፕላሴቦ፣ ማለትም መልኩና ጣዕሙ መድኃኒቱን ከሚመስል ነገር ግን ምንም ከሌለበት ማስመሰያ ጋር እየተነጻጸረ አሁንም መፈተን አለበት ወይስ ይበቃል?

ፋርማሲስቱ፣ አዘዞ፦ ይበቃል ባይ ነኝ። የሆሚዮፓቲ ጀማሪ ሳሙኤል ሃነማን እ.ኤ.አ. በ1796 ያቀረበው ሐሳብ፣ ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር ያንኑ የመሰለ ሕመም የያዘውን ይፈውሳል የሚል ሲሆን፣ በኋላም መድኃኒቱ በቀጠነና በተናጠ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል የሚል ታከለበት። ብልቃጡ ላይ 30ሲ ከተባለ አንዱ ጠብታ በ99 ጠብታ ውኃ ወይም አልኮል ተበርዞ፣ ከዚያ ላይ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና በ99 ተበርዞ፣ ይኸው 30 ጊዜ ተደግሟል ማለት ነው። ገና በዘጠነኛው ዙር አንዲት ጠብታ ጣና ሐይቅ ውስጥ ብትገባ ከምትቀጥነው በላይ ቀጥኗል፤ ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመነሻው ነገር አንድ ሞለኪውል መገኘቱም ያጠራጥራል፤ የቀረው ውኃን በውኃ መበረዝ ነው፤ እንክብሉም በዚያ የረጠበ ስኳር ነው። ስኳርን ከስኳር ጋር ለማነጻጸር ገንዘብ ማውጣትና ሕሙማንን ማድከም ለምን ያስፈልጋል? በተለመደው የስታቲስቲክስ መስፈርት ከ20 ከንቱ ሙከራዎች አንዱ በአጋጣሚ «ሠርቷል» ሊያሰኝ ስለሚችል፣ በደጋገምን ቁጥር የሐሰት ማስረጃ እንፈለፍላለን።

መምህርቷ፣ ቸቸላ፦ የአዘዞው ወንድማችን ስሌት ትክክል ነው፤ ሆኖም ስሌቱን የማይቀበሉት እንደ አወያያችን አክስት ያሉ ሰዎች በስሌት አይረቱም። እ.ኤ.አ. በ1835 በጀርመኗ ኑረምበርግ የሆነውን ተመልከቱ። አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት፣ 100 ብልቃጦች ተቀላቅለው ግማሾቹ ከበረዶ የተገኘ የተጣራ ውኃ፣ ግማሾቹ እስከ 30ኛው ዙር የተበረዘ ጨው ተሞሉ፤ የትኛው ቁጥር ምን እንደያዘ የሚናገረው ዝርዝር ታሽጎ ስለተቀመጠ ያደለውም የጠጣውም አያውቅም ነበር። የተሰማቸውን ካሳወቁት 50 ሰዎች 42ቱ ምንም አልተሰማንም አሉ፤ የተለየ ነገር ተሰማን ካሉት 8 ሰዎች 5ቱ ጨው የነበረበትን፣ 3ቱ ባዶውን ውኃ የጠጡ ሆነው ተገኙ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ እኔ ግን ከማንም ስሌት ይልቅ ያችን የታሸገች ወረቀት አምናለሁ።

የመድኃኒተኛው ልጅ፣ አራዳ፦ አባቴ ሥር ማሽና ቅጠል በጣሽ ስለነበሩ ይህ ነገር ይቆጠቁጠኛል፤ ዛሬ የጀርመንን እንክብል፣ ነገ ደግሞ የአባቴን ኮሶ ልትሉ ነው። ሆሚዮፓቱ በሽተኛውን ሰዓት ሙሉ ጠይቆ፣ ራሳቸውን ለሚያማቸው ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ለሁሉም አንድ ክኒን የሚያድል ሙከራ ይህን እንዴት ይመዝነዋል?

ነርሷ፣ ማራኪ፦ ወንድሜ፣ ይመዝነዋል። ባለሙያው ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የመሰለውን ያዛል፤ ከመድኃኒት ክፍሉ ሲወጣ ግን በዕጣ ለግማሾቹ የታዘዘላቸው፣ ለግማሾቹ ማስመሰያው ይሰጣል። በኒካራጓ ሁለት ጊዜ፣ በኔፓል አንድ ጊዜ ተቅማጥ በያዛቸው ሕፃናት ላይ የተደረገው እንዲሁ ነው፤ የ242ቱ ሕፃናት ውጤት ተደምሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲታተም ተቅማጡ እንክብሉን በወሰዱት በአማካይ 3.3 ቀን፣ ማስመሰያውን በወሰዱት 4.1 ቀን ቆይቷል። ሁለቱም ወገን ኦ አር ኤስ ይጠጣ እንደነበር አይዘንጋ። ይሁንና እነዚያን ሙከራዎች የመራችው ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሆንዱራስ በ292 ሕፃናት ላይ ሞክራ ልዩነት እንዳላገኘች እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ አድርጋለች፤ ያልጠበቀችውን ውጤት ማሳተሟን አከብራለሁ። ደጋፊዎቹ እዚያ የተሰጠው ለሁሉም አንድ ዓይነት ድብልቅ ስለነበረ ነው ይላሉ።

በማስመሰያ የማልደራደርበት ግን አለ። ከመተማና ከሑመራ ቆላ ወደዚህ የሚመጣው፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር የያዘው ሕመምተኛ ካልታከመ ስለሚሞት፣ ለእርሱ መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ይነጻጸራል እንጂ ባዶ ክኒን አይሰጠውም።

ፋርማሲስቱ፣ አዘዞ፦ ስለ ኮሶው ልመልስ። ኮሶ ማስመሰያ ቢፈለግለት ያስቸግራል፤ ያንን ምሬት ምን ያስመስለዋል? ነገር ግን ትሉ ሲወጣ ዓይን ያየዋል፤ መጠኑ ሲበዛ የሚያደርሰው ጉዳትም አለ፤ ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው ውስጡ አንዳች ነገር ስላለ ነው። ለስኳር እንክብል ማስመሰያ ከመሥራት የቀለለ ደግሞ የለም፤ ተሠርቶም ብዙ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት 110 የሆሚዮፓቲ ሙከራዎችን ከ110 የዘመናዊ ሕክምና ሙከራዎች ጋር አስተያይቶ፣ ትልልቆቹና በጥንቃቄ የተሠሩት ብቻ ሲለዩ የሆሚዮፓቲው ውጤት ከማስመሰያ የሚለይ ሆኖ አልተገኘም።

የመድኃኒተኛው ልጅ፣ አራዳ፦ እንክብሉን ልተውላችሁ፤ ጭውውቱን ግን አልተውም። በእንግሊዝ 83 የቁርጥማት ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ ያሻላቸው እንክብሉ ሳይሆን ከሆሚዮፓቱ ጋር የነበራቸው ረጅም ምክክር መሆኑን አሳይቷል። እኔ በቅርቡ አንድ ጤና ተቋም ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ ያገኘሁት ሐኪም ቀና ብሎ ሳያየኝ ማዘዣ ጽፎ ሰጥቶኛል። መፈተን ያለበት እርሱ ነው።

ነርሷ፣ ማራኪ፦ በዚህ አልከራከርዎትም፤ እኛም ከጠረጴዛው ወዲያ ሆነን የምናፍርበት ነው። አወያያችን፣ ለመሆኑ ሕፃኑ እንዴት ሆነ?

አወያይ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቱ ኦ አር ኤስና ዚንክ ሳታቋርጥ እየሰጠችው በአራተኛው ቀን ቆመለት። አክስታችን እንክብሉ ነው ያዳነው ብለው ብልቃጧን ትተውልን ሊሄዱ ነው።

መምህርቷ፣ ቸቸላ፦ በአራተኛው ቀን ነው ያሉት? ነርሷ የጠቀሱትን ቁጥር እስኪ ለእርሳቸው ያንብቡላቸው፤ ማስመሰያውን የወሰዱት ሕፃናት 4.1 ቀን ነበር።