«ታንክ አጣን» በአማርኛ ምን ይባል?

ዘማራኪ፦
ሰላም ለቤቱ። ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ በኢንተርኔት እንጫወታለን። ባለፈው ፒያሳ ካፌ ተቀምጬ በስልክ «ታንክ አጣን፣ ባለ ታንክ ፈልግ» ስል ጎኔ ያሉት ሰዎች ሒሳብ ከፍለው ውልቅ አሉ። እስቲ ለታንክ፣ ለሂለር፣ ለዲፒኤስና ለጊር ሰው የማያስበረግግ ቃል ስጡኝ። ለማታውቁት፣ ቡድኑ 5 ሰው ነው፦ 1 ምቱን ሁሉ ወደ ራሱ የሚስብ (ታንክ)፣ 1 የሚፈውስ (ሂለር)፣ 3 የሚመቱ (ዲፒኤስ)። ጊር የሚለብሱትና የሚይዙት ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
«መካች» በለው። መከተ ማለት የተሰነዘረን ምት በጋሻ ወይም በዱላ መቀበል ነው። «መከታ»ም ከዚያው ይወጣል፤ ግን እሱ የምትደገፈው ሰው ነው፣ ለሥራው መካች ይቀርባል። ጋሻ ጃግሬ እንዳትል ብቻ! እሱ የጌታውን ጋሻ ይሸከማል እንጂ የቡድኑን ዱላ አይበላም። ሂለር ወጌሻ ነው። ሐኪም ታካሚ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ወጌሻ ግን ሜዳ ድረስ ሮጦ ይገባል፤ የፋሲል ከነማን ደጋፊ ጠይቅ። ዲፒኤስ አጥቂ፣ ጊር ትጥቅ። የስፖርት ትጥቅ እያልን ስለኖርን ማንም አይደነግጥም።

የአዘዞዋ፦
ጋሼ፣ መካች ግሩም ነው፤ ግን «ፊታውራሪ»ን ለምን ዘለሉት? ታንኩ እኮ ቀድሞ ይገባል፣ መንገዱን ያውቃል፣ ሌላው ይከተለዋል። የሚጠፋውም ለዚሁ ነው። አጥቂ ቢሳሳት ሦስት ስለሆኑ ልብ የሚለው የለም፤ ታንኩ ቢሳሳት አምስቱም ያልቃሉ፣ ስድቡም ለእሱ ነው። ሒሳቡም አለ። 25 ሰው በሚዘምትበት ውጊያ ብዙ ጊዜ 2 ታንክ ይበቃል። እነዚያው 25 ሰዎች በማግስቱ አምስት አምስት ሆነው ይግቡ ቢባል 5 ታንክ ያስፈልጋል። ሦስቱ ከየት ይምጡ? በ2009 እ.ኤ.አ. የጨዋታው ሠሪዎች ጨዋታው ራሱ ሰው አገናኝቶ ቡድን የሚሠራበትን መንገድ አመጡ፤ ወረፋው ግን ለአጥቂ ረዝሞ ቀረ። በ2011 ለጎደለው ሚና ስጦታ መስጠት ጀመሩ። ጉርሻ በሉት።

ፊደል ቆጣሪ፦
እታለም፣ ፊታውራሪ ማዕረግ ነው፤ ሾሚ ይፈልጋል። እዚህ ማንም በአንድ ቁልፍ ራሱን ይሾማል። ጉርሻን ግን ተቀብያለሁ።

ዘማራኪ፦
ጋሼ፣ አንድ ቀረኝ። ማስታወቂያው ላይ «ትጥቁ ከዚህ ቁጥር በታች የሆነ አይመዝገብ» ይላሉ። ደህና ትጥቅ የሚገኘው ደግሞ ቡድን ገብቶ ነው። ትጥቁ ሳይመጥን ገብቶ ሌሎቹ የሚጎትቱት ሰው ምን ይባላል?

ፊደል ቆጣሪ፦
«ታዛይ»። ማስታወቂያውማ የመሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ ነው፤ ልምድ የሌለው አይቀጠርም፣ ሳይቀጠር ልምድ የለም። ቁጥሩ ደግሞ የለበሰውን እንጂ ችሎታውን አይነግርህም። ታጠቀ ማለት ወገቡን አሰረ ነው፤ ወገቡን ያሰረ ሁሉ ይዋጋል ያለህ ማነው?

የአዘዞዋ፦
ታዛይን ለመከልከል «እሹሩሩ የለም» ብለህ ጻፍ፤ ይገባቸዋል።

ዘማራኪ፦
ለዛሬ ማታ፦ «1 መካች፣ 1 ወጌሻ ጎድሎናል። አጥቂ ሞልቷል። እሹሩሩ የለም።»

ዝምተኛው፦
አጥቂ ነኝ። ቦታ አለ?