ለጭን ጡንቻ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ አጠቃቀም ምክር እጠይቃለሁ

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ ኳስ ስጫወት የተበጠሰው የጉልበቴ የፊት ተሻጋሪ ጅማት፣ ማለትም ኤሲኤል፣ በቀዶ ሕክምና ከተተካ ዘጠኝ ሳምንት ሆኖታል። ቁስሉ ድኗል፤ እብጠቱም ቀንሷል። ይሁን እንጂ የፊት ጭኔ ጡንቻ በግልጽ ከስቷል፤ ወደ ፒያሳ ለመሄድ ታክሲ ውስጥ ስገባ እንኳ ጉልበቴ ይከዳኛል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ እንዳስረዱኝ፣ ጉልበት ሲጎዳ ወደ ጡንቻው የሚሄደው የነርቭ ትእዛዝ ስለሚታፈን ሰው በፈቃዱ ብቻ ጡንቻውን በሙሉ ኃይል ማኮማተር ያቅተዋል፤ ኤሌክትሪኩ ግን የጡንቻውን ነርቭ በቀጥታ ስለሚቀሰቅስ ይህን እገዳ ያልፋል። ስለዚህ ጉልበቴን 60 ዲግሪ አጥፌ፣ በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 የኤሌክትሪክ ምት)፣ ለ10 ሰከንድ እያኮማተርኩና 50 ሰከንድ እያረፍኩ 10 ጊዜ እንድደጋግም፣ እኔም አብሬ ጭኔን እንዳጠብቅ አዘዙኝ።

የተቸገርኩት ቤት ውስጥ ነው። የምጠቀመው እህቴ ለወገብ ሕመም የገዛችውን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ ሲሆን፣ ኃይሉን ስጨምር ጡንቻው ገና ሳይጠብቅ ቆዳዬን ያቃጥለኛል፤ ስቀንሰው ደግሞ ከመንዘር አያልፍም፤ በንዝረት ብቻ ጡንቻ እንደማይጠነክር ደግሞ ተነግሮኛል። ኤሌክትሪኩን ወደ ቆዳ የሚያስተላልፉት ተለጣፊዎች ከእንቁላል አይበልጡምና ጥፋቱ የእነሱ ይሆን ብዬ ጠርጥሬአለሁ።

በዚህ ሕክምና ያለፋችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ፣ ሰፋፊ ተለጣፊ ብጠቀም ማቃጠሉ ይቀንስ ይሆን? ወይስ ለሕመም ማስታገሻ የተሠራ መሣሪያ ለዚህ ጨርሶ አይሆንም? ከቀጣዩ ቀጠሮዬ በፊት ብትመልሱልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።