በፓስፊክ ጦርነት ጌም ጃፓንን ይዤ ነዳጅ እያለቀብኝ ነው፤ ባላጋራዬም ለውጊያ አይወጣም

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። «ዋር ኢን ዘ ፓስፊክ፦ አድሚራልስ ኤዲሽን» የተባለውን ጌም ዋሽንግተን ከሚኖር ጓደኛዬ ጋር በኢሜይል እየተጫወትን ነው። ለማታውቁት፣ ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሲሆን፣ ከዲሴምበር 7 ቀን 1941 የፐርል ሃርበር ጥቃት ጀምሮ ያለውን የፓስፊክ ጦርነት መርከብ በመርከብ፣ የአውሮፕላን ጓድ በጓድ፣ ቀን በቀን የሚያስኬድ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ ጌሙ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እኔ ጃፓንን፣ ጓደኛዬ ደግሞ የተባበሩትን ኃይሎች ይዘናል።

አሁን ያለነው በአፕሪል 1942 መጨረሻ ላይ ነው። ሲንጋፖርን፣ ጃቫንና በሱማትራ ደሴት ያለችውን የነዳጅ ከተማ ፓሌምባንግን በእውነተኛው ታሪክ ከተያዙበት ጊዜ ብዙም ሳልርቅ ይዣለሁ። ሆኖም ሦስት ነገሮች አስጨንቀውኛል። አንደኛ፣ የፓሌምባንግ የነዳጅ ጉድጓዶችና ማጣሪያዎች ከተማውን ስይዝ ተጎድተው ነበር፤ እስካሁንም ጥገናቸው ፈቅ አላለም። ሁለተኛ፣ በጃፓን ደሴቶች ያለው የነዳጅ ክምችት በየሳምንቱ እየቀነሰ ነው። ሦስተኛ፣ ጓደኛዬ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቹን ደብቋቸው ለውጊያ አይወጣም። ስድስቱንም ትላልቅ ተሸካሚዎቼን ሰብስቤ ወደ ሚድዌይ ወይም ወደ ሃዋይ በመሄድ ባስገድደው ይሻላል ወይስ የያዝኩትን ላጠናክር? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ሦስቱ ጥያቄዎችዎ በእኔ እይታ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ጃፓንን የያዘ ሰው ከምንም በፊት የሚዋጋው ከነዳጅ እጥረት ጋር ነውና።

ከፓሌምባንግ ልጀምር። በዚህ ጌም የተጎዳ ጉድጓድ ወይም ማጣሪያ አንድ ነጥብ በተጠገነ ቁጥር 1000 ስንቅ ይወጣል። ከዚህም ሌላ በቦታው ያለው ስንቅ ከ10000 በላይ ካልሆነ ጥገናው ከነጭራሹ አይጀመርም። ወራሪው ጦር ይዞት የገባው ስንቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ተጫዋቹ ከተማውን ይዞ ዘወር ሲል ጉድጓዶቹ እንደተቃጠሉ ይቀራሉ። አሁኑኑ የፓሌምባንግን መስኮት ከፍተው የስንቁን ቁጥር ይመልከቱ። ከተጠቀሰው በታች ከሆነ ከሲንጋፖር ወይም ከጃፓን በጭነት መርከብ በብዛት ይላኩ፤ ወንዙን የሚወጡት መርከቦች ያለ አጃቢ እንዳይሆኑ። ጥገናው በቀን አንድ አንድ ነጥብ ብቻ ስለሚሄድ ዛሬ የዘገየ ቀን ተመልሶ አይገኝም። ማጣሪያው እስኪጠገን ድረስ ደግሞ ድፍድፉን እንዳለ ጭነው ወደ ጃፓን ይውሰዱት፤ የአገር ቤት ማጣሪያዎች ድፍድፍ አጥተው ሥራ ፈትተው ይሆናል።

ጉድጓዱ ቢጠገንም ዘይቱ ጃፓን ካልደረሰ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ጃፓን ወደ ጦርነቱ ስትገባ 6 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የንግድ መርከብ ነበራት፤ ከዚያ ውስጥ የታንከሩ ድርሻ ግን አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነበር። በታሪክ ከደቡብ የሚመጣው ነዳጅ በ1943 ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ በ1944 በከፍተኛ ፍጥነት ያሽቆለቆለው፣ ጉድጓዶቹ ደርቀው ሳይሆን ታንከሮቹ በሰርጓጅ መርከብ እየሰመጡ ስላለቁ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ታንከር እንደ ጦር መርከብ ይቁጠሩት፤ ወደብ ውስጥ ያለ ሥራ የቆመ ታንከር ካለ ዛሬውኑ ያንቀሳቅሱት።

ፍጆታውንም ይመልከቱ። ከባድ ኢንዱስትሪው በየቀኑ ነዳጅ ስለሚበላ፣ የጦር መርከቦችዎን ጃፓን ውስጥ ማቆየት ማለት ፋብሪካውና መርከቡ ከአንድ ጋን እንዲቀዱ ማድረግ ማለት ነው። በ1944 የጃፓን ባሕር ኃይል አብዛኛውን ኃይሉን በሲንጋፖር አቅራቢያ ወዳለው ሊንጋ ያወረደው ነዳጁ ወዳለበት ለመጠጋት ነበር፤ እርስዎ ይህንን ከሁለት ዓመት በፊት ማድረግ ይችላሉ። የግብረ ኃይል ፍጥነትንም ያለ በቂ ምክንያት ሙሉ ፍጥነት ላይ አያድርጉ፤ የነዳጁ ልዩነት እጅግ ከፍተኛ ነው። ፋብሪካ ማስፋፋትም ስንቅ ስለሚጠይቅ ፓሌምባንግ እስኪያገግም ይቆይ።

መልስ (ከስቶክሆልም)

በነዳጁ ጉዳይ ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው። ነገር ግን ጠያቂው «የያዝኩትን ላጠናክር» በሚለው ሐሳብ ላይ ብቻ እንዳይረጉ እሰጋለሁ፤ ጊዜው የጃፓን አይደለምና። ከአዲሶቹ የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚዎች የመጀመሪያዋ ኤሴክስ አገልግሎት የጀመረችው በዲሴምበር 31 ቀን 1942 ሲሆን፣ በ1943 አጋማሽ እሷና እህቶቿ ፓስፊክ መድረስ ጀመሩ፤ ሄልካት ተዋጊ አውሮፕላንም በዚያው ዓመት ወደ ውጊያ ገባ። በጌሙም እነዚህ በየቀናቸው ይመጣሉ፤ ባላጋራዎ ማድረግ ያለበት መጠበቅ ብቻ ነው። የሚደበቀውም ስለፈራ ሳይሆን ሒሳቡን ስለሠራ ይመስለኛል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1943 ጀምሮ አንዱ ወገን የሌላውን አራት እጥፍ ነጥብ ከያዘ ጨዋታው በአሸናፊነት ስለሚያበቃ፣ እሱ መርከብና ጦር ሰፈር ባለማስረከብ ያንን ቀን በሰላም ማለፍ ይፈልጋል።

ይሁንና ሃዋይ አይሂዱ። ፐርል ሃርበር ባለበት በኦዋሁ ደሴት ላይ ያለው የአየር ኃይል በባሕር ሊሰምጥ የማይችል አውሮፕላን ተሸካሚ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ቶርፔዶ የመታው መርከብዎ ወደ መጠገኛ ወደብ ለመመለስ ግማሽ ውቅያኖስ ያቋርጣል። ሚድዌይም ቢሆን ለኦዋሁ ቅርብ፣ ለእርስዎ ሩቅ ነው። ሰው የሆነን ባላጋራ ከተደበቀበት የሚያወጣው ሊተወው የማይችለው ነገር ሲነካበት ነው፤ የተባበሩት ኃይሎች ሊተዉት የማይችሉት ደግሞ ከአሜሪካ ወደ አውስትራሊያ የሚወስደውን መስመር ነው፤ በኒው ካሌዶኒያ ያለችውን ኑሜያን፣ በፊጂ ያለችውን ሱቫን፣ በሳሞአ ያለችውን ፓጎ ፓጎን። ጃፓኖችም ፊጂንና ሳሞአን ለመያዝ አቅደው ነበር፤ የሰረዙት ከሚድዌይ ሽንፈት በኋላ ነው። መጀመሪያ ፖርት ሞርስቢን፣ ቀጥሎም በሰለሞን ደሴቶች የቅኝት አውሮፕላን የሚነሣባቸውን ቦታዎች ይያዙ። ከዚያ ወደ ኑሜያ ሲጠጉ ከየብስ የሚነሡ ቦምብ ጣዮችዎና የባሕር ላይ አውሮፕላኖችዎ ዓይን ይሆኑልዎታል።

ሲሄዱ ደግሞ ስድስቱን አይበትኑ። ሜይ 1942 በኮራል ባሕር ውጊያ ሾካኩ ተጎዳች፣ የዙይካኩም አብራሪዎች ተመናመኑ፤ ስለዚህ ሁለቱም ሚድዌይ አልተገኙም። ሚድዌይ ላይ አካጊ፣ ካጋ፣ ሶርዩና ሂርዩ ብቻቸውን ሄደው ሁሉም ሰመጡ። በጌሙ ውስጥ በ1942 ብዙ ተሸካሚ አንድ ላይ ሲሰለፍ የጥቃት ቅንጅቱ የሚፈርስበት ዕድል ለጃፓን ከአሜሪካ ያነሰ ስለሆነ፣ መሰብሰቡ ለእርስዎ ጥቅም ነው። ይህ ብልጫ ግን የሚቆየው አብራሪዎቹ እስካሉ ድረስ ነው። ስለዚህ ከኋላ ያሉ ጓዶችን ሁሉ በሥልጠና ላይ ያድርጓቸው፤ አንዱን በባሕር ላይ ቦምብ ጥቃት፣ ሌላውን በአየር ለአየር ውጊያ። የተሸካሚ አብራሪዎችን የየብስ ማኮብኮቢያ ለመደብደብ ማባከን እጅግ ያሳዝነኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለዚህ ዘመቻ ጦር ፍለጋ ማንቹሪያን እንዳያራቁቱ፤ በዚያ ያለው ጦር የማጥቃት ነጥብ ከ8000 በታች ከወረደ ሶቪየት ኅብረት ወደ ጦርነቱ የምትገባበት በር ይከፈታል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፓሌምባንግን መስኮት ከፍቼ ስመለከት ስንቁ 3000 እንኳ አይሞላም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ታንከሮቹን ከፓሌምባንግ ወደ ሲንጋፖር፣ ከዚያም በካም ራንህ (ቬትናም) እና በፎርሞሳ (ታይዋን) በኩል ወደ ጃፓን ላስኬዳቸው አስቤአለሁ። ነገር ግን ሰርጓጅ መርከቦቹ ከወዲሁ እያስቸገሩኝ ነው። ሌላው ጥያቄዬ፣ ጓደኛዬ ባለ አራት ሞተር ቢ-17 ቦምብ ጣዮችን በ2000 ጫማ እያበረረ መርከቦቼን ይመታል። ሕጉ አይከለክለውም፤ ታሪኩን ግን አይመስልም። በጨዋታው መካከል ስምምነት መጠየቅ ነውር ይሆንብኛል?

መልስ (ከአዳማ)

ስለ ሰርጓጆቹ እኔ ልመልስ። በ1942 የአሜሪካ ትላልቅ ሰርጓጆች የሚተኩሱት ማርክ 14 ቶርፔዶ ከተባለው ጥልቀት በታች የሚጓዝና የመርከብ ጎን ሲመታ የማይፈነዳ ነበር፤ ችግሮቹ ተለይተው የተስተካከሉት እስከ ሴፕቴምበር 1943 ባለው ጊዜ ነው። ጌሙም ይህን ጉድለት ይዞታል። አሁን በዚያ መስመር የሚያሰጉዎት የደች ሰርጓጆችና ማርክ 10 የተባለውን የቀድሞ ቶርፔዶ የሚተኩሱት አነስተኛዎቹ የአሜሪካ ኤስ-ጀልባዎች ናቸው፤ የእነሱ ቶርፔዶ ይፈነዳል። በዘገባው ላይ የመታዎትን ሰርጓጅ ስም ያንብቡ፤ በ«ኤስ» ጀምሮ ቁጥር የሚከተለው ከሆነ ወይም የደች ከሆነ፣ አዳኝ ቡድንዎን ወደዚያ ይላኩ።

መስመርዎ ጥሩ ነው፤ ጥልቀት በሌለው የባሕር ዳርቻ ባስጠጉት ቁጥር ይሻላል። በካም ራንህ፣ በሃይናንና በፎርሞሳ የቅኝት አውሮፕላኖችን በሰርጓጅ ፍለጋ ላይ ያሰማሩ፤ የታየ ሰርጓጅ ኃይሉ ይቀንሳል። ታንከሮቹን በትንንሽ ቡድን ከሁለትና ከሦስት አጃቢ ጋር ያስኬዱ። ጃፓን ራሱን የቻለ የአጃቢ ጠቅላይ እዝ ያቋቋመችው በኖቬምበር 1943 ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ መርከብ አልቆ ነበር። ስለዚህ አጃቢ መርከብ የሚሠሩ የመርከብ ጣቢያዎችዎን አሁን ያፋጥኗቸው፤ ውጤቱን የሚያዩት የአሜሪካ ቶርፔዶ መፈንዳት በሚጀምርበት ጊዜ ነው።

መልስ (ከሚኒሶታ)

እኔ ብዙውን ጊዜ የምጫወተው በተባበሩት ኃይሎች ወገን ስለሆነ፣ ጓደኛዎ ከዚያ በኩል የሚያየውን ልንገርዎት።

በመጀመሪያ ስለ ቢ-17። ስምምነት መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህን ጌም ከልባቸው የሚጫወቱ ሰዎች ከመጀመሪያው ተራ በፊት የሚስማሙባቸው ነገሮች አሏቸው፤ በመካከልም ይጨምራሉ። ቢ-17 ሚድዌይ ላይ ከከፍታ ጥሎ አንድ መርከብ እንኳ አልመታም፤ በማርች 1943 በቢስማርክ ባሕር በዝቅታ እየበረሩ የጃፓንን ኮንቮይ የጨረሱት በዋናነት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ነበሩ። ጥያቄው ግን አንድ ነገር ሰጥቶ አንድ ነገር የሚቀበል ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍለት ነበር፦ «ከሚቀጥለው ተራ ጀምሮ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ መርከብ ሲያጠቃ ከ10000 ጫማ በታች እንዳይወርድ ብንስማማስ? እኔም በበኩሌ የማንቹሪያን ክፍሎች የፖለቲካ ነጥብ (ጌሙ ክፍሎችን ከአንድ እዝ ወደ ሌላ ለማዛወር የሚያስከፍለውን) ሳልከፍል ድንበር አላሻግርም።» ይህ ጨዋታ ከመጀመሪያው ተራ እስከ ኦገስት 1945 ከዘለቀ ከ1300 ተራ በላይ ነው፤ በቀን አንድ ተራ ብትለዋወጡ እንኳ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ አብራችሁ ትቆያላችሁ። በአንድ ዘዴ የተቆጣ ሰው ሳይናገር ተራውን መላክ ያቆማል፤ ብዙ ጥሩ ጨዋታ የፈረሰው በሽንፈት ሳይሆን በዚህ ነው። ደግሞ ሁለታችሁም ተመሳሳይ የጌሙን ስሪት መጫናችሁን አረጋግጡ፤ ካልሆነ የውጊያው ምስል በሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ይለያያል፣ አለመተማመንም ይመጣል።

ወደ ኑሜያው ዘመቻ ስመለስ፣ አንድ ጉዳይ ሳይነሣ ቀርቷል። የእኛ ወገን በየቀኑ የተጠለፉ የሬዲዮ መልእክቶች ዝርዝር ይደርሰዋል። ከዚያ ውስጥ «ይህ የእግረኛ ክፍል እዚህ ቦታ ላይ ለማጥቃት እየተዘጋጀ ነው» የሚሉ መስመሮች ይገኛሉ፤ እኔ ቡናዬን ሳልጠጣ በፊት የማነበው እነሱን ነው። አንድ ክፍልዎ ኑሜያን ዒላማ አድርጎ ከተዘጋጀ፣ ይዋል ይደር እንጂ ስሙ በጓደኛዎ ዝርዝር ላይ ይወጣል። እውነተኛው ሚድዌይም የተበላሸው አሜሪካኖች የጃፓንን የባሕር ኃይል ኮድ በከፊል ሰብረው መምጣታቸውን ስላወቁ ነበር።

ስለዚህ ዝርዝሩን በሐሰት ይሙሉበት። በጃፓን፣ በቻይናና በማንቹሪያ ካሉ ከቦታቸው ከማይንቀሳቀሱ ክፍሎች መካከል የተወሰኑትን ኮሎምቦን፣ ዳርዊንንና ሚድዌይን ዒላማ እንዲያደርጉ ያዟቸው፤ ምንም ወጪ የለውም። ለኑሜያ የሚሄዱትን ክፍሎች ግን ለማታለያ አይጠቀሙባቸው፤ ዒላማ ሲቀየር የተጠራቀመው ዝግጅት ስለሚጠፋ፣ ባልተዘጋጀ ጦር ከባሕር ወደ የብስ መውረድ ከፍተኛ ጉዳት ያስከትላል። እነዚያን አሁኑኑ እውነተኛውን ዒላማ ሰጥተው በደቡብና በመካከለኛው ፓስፊክ ካሉት የጃፓን ጦር ሰፈሮች፣ ትሩክ ወይም ራባውል ላይ ያቆዩአቸው፤ ዝግጅታቸው ወደ 100 በመቶ ሲጠጋና ፓሌምባንግ ነዳጅ መላክ ሲጀምር መርከብ ላይ ይጫኗቸው።