አስቸኳይ፦ የዘፈን መጻሕፍቴ ውኃ ገባባቸው፣ ፀሐይ ላይ ላስጣቸው?

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሌሊቱን የጣሪያው ታንከር ሞልቶ ሲፈስ አድሮ ውኃው በኮርኒሱ ሾልኮ ካርቶኑ ውስጥ ገብቷል። ወደ 40 ይሆናሉ፤ የባህል ዘፈን ግጥሞች፣ የክራርና የማሲንቆ መማሪያዎች፣ ጥቂት የመነንና የየካቲት መጽሔቶች። ከታች ያሉት በስብሰዋል። ግቢ አውጥቼ ላሰጣቸው ነው። ገጾቹን አሁኑኑ ልለያያቸው ወይስ እንዳሉ ይድረቁ? እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

የከዚራ ጥላ፦
አስጪያ አቦ! የድሬ ፀሐይ እያለ ምን ያስጨንቃል? እስከ ምሳ ሰዓት ድርቅ ይልልሻል።

ብራና፦
እህቴ፣ ፀሐይ ላይ አታውጪ። የድሮ ርካሽ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆንና እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። ደግሞ ዳሩ ከመሀሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይቆለመማል፤ የጀርባው ሙጫም ይሰነጠቃል። ጥላና ነፋስ ነው የሚያስፈልገው። ቶሎ መልሺልኝ፦ ውኃው ንጹሕ ነው ወይስ ጭቃ አለው? የሚያብለጨልጭ ወረቀት አለበት? በእጅ የተጻፈስ?

ካሴት፦
እኔ ግን አልገባኝም። ዋናው ግጥሙ አይደል? በስልክሽ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺና ወረቀቱን ተይው። ለረጠበ ወረቀት ይህን ያህል መድከም ምንድን ነው?

የሳቢያን ልጅ፦
ውኃው ንጹሕ ነው። መጽሔቶቹ ያብለጨልጫሉ፣ ቢያንስ ሽፋናቸው። ሁለቱ መጻሕፍት ላይ በየዘፈኑ ጎን በሰማያዊ የብዕር ቀለም «ባቲ»፣ «አምባሰል»፣ «አንቺሆዬ» እየተባለ ቅኝቱ ተጽፏል፤ እሱ መፍሰስ ጀምሯል! ካሴት፣ ግጥሙ ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል፤ ይህ የእጅ ጽሑፍ ግን አንድ ብቻ ነው።

የከዚራ ጥላ፦
ፀሐዩን ከፈራሽ እንኳ ለግማሽ ሰዓት አውጪው። ሙቀት ነው የሚያደርቀው።

ብራና፦
እንግዲያው ከብዕር ቀለሙ ጀምሪ። ቀለሙ የሚሟሟው በውኃ ነው፤ እስክሪብቶ ቢሆን ዘይት ስላለው ይህን ያህል አይፈስም ነበር። ገጹን መጀመሪያ ፎቶ አንሺ (እዚህ ላይ ካሴት ልክ ነው)። ከዚያ ነጭ ሶፍት ከላይ አሳርፊና በመዳፍሽ ቀስ ብለሽ ጫኚ፣ አንሺ፣ ሌላ ሶፍት፣ እንደገና ጫኚ። እንዳታሺው። አንዴ ከታሸ «ባቲ» የሚለው ሰማያዊ ደመና ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ ሁለት ቦታ ክፈያቸው። የሚያብለጨልጨው ወረቀት ፊቱ በነጭ ሸክላ መሰል ነገር የተለሰነ ነው። ሲረጥብ ሙጫ ይሆናል፤ ተጣብቆ ከደረቀ ደግሞ ጡብ ነው፣ ማንም አይለየውም። ስለዚህ እንደረጠበ፣ ሳትገልጪው፣ እያንዳንዱን ለብቻው በኬክ መጋገሪያ ወረቀት ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ ክተችና ፍሪዘር አስገቢ። ጀርባው ወደ ታች ይሁን። በረዶ ከሆነ በኋላ ጊዜ ገዛሽ ማለት ነው፤ በሳምንትም በወርም አንድ አንዱን እያወጣሽ፣ ሲለሰልስ ገጾቹን እየለየሽ ታደርቂያለሽ። ተራውን ወረቀት ዛሬውኑ ማድረቅ ይቻላል። በየ10 ቅጠሉ ነጭ ሶፍት አስገቢ፤ ጠቅላላው ሶፍት ከመጽሐፉ ውፍረት ሲሶ አይብለጥ፣ አለዚያ ጀርባው ይቀደዳል። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ቀይሪው። ቬንትሌተሩ ግድግዳ ይምታ እንጂ መጽሐፉን አይምታ። ሁሉንም በ48 ሰዓት ውስጥ ካላደረቅሽ ወይም ካላቀዘቀዝሽ ሻጋታ ይነሳል፤ በድሬ ሙቀትማ ከዚያም ሊቀድም ይችላል።

ሰላም ድሬ፦
ሶፍት ካለቀባት ጋዜጣ ይሆናል?

ብራና፦
የታተመበት አይሆንም፣ ቀለሙ ይተላለፋል። ያልታተመበት ነጭ ወረቀት ወይም ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይሁን።

እናት ጓዳ፦
ሻጋታ እንዳይዘው በረኪና በውኃ በጥብጠሽ በጥጥ ጠረግ ጠረግ አድርጊው።

ብራና፦
በፍጹም፣ እናቴ። በረኪና ቀለሙንም ወረቀቱንም ይበላል። ሻጋታ ከመጣ መጀመሪያ መድረቅ አለበት፤ ከደረቀ በኋላ ማስክ አድርጎ፣ ደጅ ወጥቶ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ነው። እርጥቡን መጥረግ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው።

ሰላም ድሬ፦
ፍሪዘሩ ገብቶ መብራት ቢጠፋስ?

ብራና፦
ጥሩ ጥያቄ። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት ገደማ ይቆያል፣ ግማሽ ከሆነ 24። ክፍተቱን ውኃ በሞላ ሃይላንድ ሙሊው። አስተውሊ፣ ውኃው በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙዪው።

ጋሼ መዝገብ፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሽፋን ከረጠበ ይላቀቃል፤ ከተላቀቀ ደግሞ የትኛው የየትኛው እንደነበር ይጠፋል። ለሰብሳቢ ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው። እርጥብ ወረቀት ላይ በእርሳስ መጻፍ ወረቀቱን ይቀድዳል፤ ስለዚህ በቁራጭ ካርቶን ላይ ቁጥር ጽፈሽ ከእያንዳንዱ ጋር አኑሪ። ርዕሱንና ዓመቱን እንደታተመው ገልብጪ፤ 1961 ዓ.ም ከሆነ 1961 ዓ.ም ብለሽ፣ ወደ ፈረንጅ አትለውጪ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 የወጣው በፈረንጅ 1968 ላይ፣ የቀረው 1969 ላይ ስለሚወድቅ፣ ወሩ ያልታወቀ እትም ሲለወጥ ይሳሳታል። ስንቱ ዝርዝር በዚህ ተበላሽቷል!

የከዚራ ጥላ፦
ጋሼ፣ መጽሐፉ እየረጠበ ስለ ዘመን አቆጣጠር?

ጋሼ መዝገብ፦
ልጄ፣ ስሙ የጠፋ መጽሐፍ ቢደርቅም ግማሹ ጠፍቷል።

የጀጎል ቅጠል፦
ስለ ስቴፕሉ ማንም አላነሳም። የረጠበ ስቴፕል ይዝጋል፤ ዝገቱ በመካከለኛው ገጽ ላይ ቡናማ ቀዳዳ ያወጣል። ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ እግሮቹን በቀጭን ቢላዋ ቀና አድርገሽ ከጀርባ አውጪው፣ በዚያው ቀዳዳ በነጭ የጥጥ ክር ስፊው። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፊ፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው በሁለት ነጭ ወረቀት መሀል አድርገሽ ጠፍጣፋ ጣውላ ጫኝበት። ጀርባው የተገነጠለ ካለ ደግሞ ሐረር ሸሪፍ ሙዚየም ይዘሽ ነይ፤ የጥንት የእጅ ጽሑፎች የሚጠገኑበት ቦታ ነውና ሊመክሩሽ ይችላሉ። ግን ደርቆ ይሁን፤ በፌስታል አፍነሽ እርጥቡን መኪና ላይ እንዳትጭኚው።

የሳቢያን ልጅ፦
9 መጽሔት ፍሪዘር ገብቷል። ሥጋውን ለጎረቤት ሰጠሁ። የብዕሩን ገጽ ጫን ጫን አድርጌው «አምባሰል» ይነበባል፣ «ባቲ» ግን ደብዝዟል። አንዱ መማሪያ በሐምራዊ ቀለም የተባዛ ነው፣ ያንንም ልጫነው?

ብራና፦
አትጫኚው! ያ ሐምራዊ የማባዣ ቀለም በውኃ ይሸሻል። በስቴንስል የተባዛው ጥቁር ከሆነ ዘይት ስላለው አያሰጋም፣ ሐምራዊውን ግን ሳትነኪ ፎቶ አንሺና እሱም ፍሪዘር ይግባ፣ ለብቻው።

የጀጎል ቅጠል፦
የተራዎቹን ሶፍት ቀየርሽ? ከጠየቅሽ ሦስት ሰዓት አልፏል።